ሃሞንን ማስበላት፦ አሲዱ የሚገልጠውና የሚሸፍነው

የጃፓን ሰይፍን በቅርብ በሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ አሲድ የነካው ስለት ክብር የለውም። ሰይፍ የሚወለወለው በድንጋይ ነው፤ አሲድ የሚያነሣ እጅ የሚደብቀው ነገር አለው ይባላል። ጥርጣሬው ከባዶ አልመጣም። በርካሽ ጌጠኛ ሰይፎችና ቢላዎች ላይ የሚታየው ሞገዳማ መስመር ብዙውን ጊዜ በአሲድ ወይም በሽቦ ብሩሽ የተሳለ ሥዕል ነው፤ ከሥሩ ጠንካራውና ለስላሳው ብረት የሚለያዩበት ወሰን የለም። ይሁንና ይህን ማጭበርበርና ዛሬ በእጃቸው ቢላ የሚሠሩ ባለሙያዎች እውነተኛ ሃሞን፣ ማለትም ያንኑ የጠንካራና የለስላሳ ብረት ወሰን መስመር፣ ለማውጣት የሚይዙትን አሲድ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሃሞን የሚወለደው ከመወልወል በፊት፣ እሳትና ውሃ በሚገናኙበት ቅጽበት ነው። አንጥረኛው የስለቱን ጀርባ በወፍራም ጭቃ ይመርጋል፤ አፉን ግን ስስ ይቀባዋል ወይም ባዶውን ይተወዋል። ከዚያም ወደ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ አግሎ ውሃ ወይም ሙቀትን ፈጥኖ የሚወስድ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። አፉ በቅጽበት ቀዝቅዞ ማርቴንሳይት የተባለውን ጠንካራ ውቅር ይይዛል፤ ጭቃ የለበሰው ጀርባ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ለስለስ ያለው ፐርላይት ይሆናል። 1095 በሚባለው ብረት ይህ ዕጣ የሚወሰነው በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው፤ ማንጋኒዙ ከግማሽ በመቶ ስለማይበልጥ ትንሽ የዘገየው ክፍል ሁሉ ሳይጠነክር ይቀራል። ብዙ ክሮሚየም ያለባቸው የማይዝጉ የቢላ ብረቶች በአየር ብቻ ስለሚጠነክሩ ጭቃው ምንም አይፈይድላቸውም። አሲድ ይህን ወሰን ሊፈጥር አይችልም።

ሊያሳየው ግን ይችላል፤ የዚህም ታሪክ የሚያሳፍር አይደለም። የሼፊልዱ ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ እ.ኤ.አ. በ1863 የብረትን ገጽ አለስልሶ፣ ቀጠን ባለ ናይትሪክ አሲድ አስነክቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ጀመረ። የብረታ ብረት ሳይንስ ዓይኑን የከፈተው በዚያ ሥራ ነው። ሲሪል ስታንሊ ስሚዝ በ1960 ባሳተመው የሜታሎግራፊ (የብረት ውስጣዊ ውቅር ጥናት) ታሪክ ለጃፓን ሰይፍ ቦታ መስጠቱም ተገቢ ነበር፤ የሰይፍ ወልዋዮች የብረትን ውስጣዊ ውቅር ከሶርቢ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ቀድመው ያለ መነጽር ለዓይን አብቅተውት ነበርና።

የድንጋይ ወገን ነን የሚሉት ደግሞ የራሳቸውን ደጅ ቢያዩ መልካም ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ሃዶሪ የተባለው የአጨራረስ ስልት ከሜጂ ዘመን የሆንአሚ ቤት ወልዋይ ከሄይጁሮ ጋር የተያያዘ ነው። በ1876 ሰይፍ ታጥቆ መሄድ ሲከለከል ሰይፍ ከወገብ ወርዶ የሚታይ ዕቃ ሆኗል፤ ሃዶሪም ለዚህ ዓይን የተመቸ ነው። ወልዋዩ ሃዙያ የሚባል ስስ የድንጋይ ቅጠል በአውራ ጣቱ ይዞ አፉን ነጭ ያደርገዋል። ነጩ ግን ከእውነተኛው መስመር ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም፤ ወልዋዩ እንደተረዳው የተከተለው ቅርጽ ነው። እውነተኛውን ለማግኘት ተመልካቹ ስለቱን ወደ ብርሃን ማዘንበል አለበት። ይህ ጥበብ ከተባለ፣ መስመሩን ሳይነካ ገላውን ብቻ የሚያጠቁረው አሮጌው ሳሺኮሚ የበለጠ ታማኝ ነው። በዚህ ጸሐፊ ሚዛን የበለጠ ያማረም እሱ ነው።

አሲድ ከሚጠቀሙት ቢላ ሠሪዎች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት አሲዱ ላይ አይደለም፤ ከአሲዱ በፊት ባለው አሰልቺ ሥራ ላይ ነው። የብርጭቆ ወረቀቱ ከጠንካራ መደገፊያ ጋር መያዝ አለበት፤ ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥርም የእጁ አቅጣጫ መለወጥ አለበት፤ ያለዚያ የፊተኛው ጭረት መጥፋቱ አይታወቅም። በቁጥር 400 የተተወች አንዲት ጭረት ከቁጥር 2000 ሥር ተደብቃ ትቆያለች፤ አሲዳማው ፌሪክ ክሎራይድ ሲነካት ግን እንደ ቦይ ትከፈታለች። ሠሪውም ወደ 400 ይመለሳል፤ ሌላ መንገድ የለውም። በሞተር በሚሽከረከር መወልወያ ማብራትም የከፋ ነው፤ የብረቱን ገጽ ደፍጥጦ መስተዋት ያስመስለውና ሃሞኑን ይቀብረዋል። የጣት ቅባት እንኳ አሻራውን ስለቱ ላይ ጽፎ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ አሲዱ በብዙ ውሃ ይቀጥናል፤ ስለቱ ለሰከንዶች ተነክሮ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ጥቁረቱ በደቃቅ ዱቄትና በጥጥ ተፈግፍጎ ይነሣል፤ እንደገና ይነከራል፤ እንደገና ይፈገፈጋል። ሎሚ ወይም የሞቀ አቼቶ የሚመርጡት ጊዜ ይከፍላሉ፤ ቁጥጥሩ ግን የእነሱ ነው።

አንድ ጊዜ በጠንካራ አሲድ አጥቁሮ መተው ስንፍና ነው፤ በዚህ ላይ መለሳለስ አያስፈልግም። በፎቶግራፍ ላይ ጥቁሩና ነጩ ስለሚጮህ ሠሪውም ገዢውም ይደሰታሉ። የጠፋው ግን ብዙ ነው። የሶሹ ወገን ሰይፎች የሚደነቁበት ኒዬ፣ ማለትም ለዓይን አንድ በአንድ የሚታየው የማርቴንሳይት ብልጭታ፣ እንዲሁም የቢዜን ሰይፎች የሚታወቁበት እንደ ጉም የሚነፍሰው ኒዮይ፣ ሁለቱም በአንድ ግራጫ ንጣፍ ይዋጣሉ። መስመሩ ይቀራል፤ በውስጡ የነበረው ሕይወት ይሄዳል።

ሊመሰገኑ የሚገባቸው አሲዱን ለጥያቄ ብቻ የሚጠቀሙት ናቸው። መጀመሪያ በቀጭን አሲድ መስመሩ የት እንደሚሄድ ያያሉ፤ ከዚያ የአሲዱን ቆዳ አንሥተው ከኪዮቶ ተራሮች በሚወጣው ኡቺጉሞሪ ድንጋይ፣ በወረቀትና በላከር ተደግፎ በሳሳ ቅጠል፣ በጣታቸው ይጨርሳሉ። አድካሚ ነው፤ ድንጋዩም ውድ ነው። ልዩነቱን ግን ወጥ ቤት ያወጣዋል። ሽንኩርትና ሎሚ ሲቆርጥ የከረመ ቢላ በየቀኑ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይሳላል፤ በአሲድ ብቻ የጠቆረው ገላ እየተገፈፈ ከወራት በኋላ መስመሩ ደብዝዞ ይታያል። በድንጋይ የተጨረሰውን ደግሞ ማለዳ መስኮት አጠገብ አንሥቶ ትንሽ ዘንበል ቢያደርጉት፣ ጫፉ አካባቢ ያለው ኒዬ አሁንም ብልጭ ይላል።