የፊያቱ ቆጣሪ ልክ ነው፤ መሬቱስ?

ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ላፕቶፕና አንድ ያረጀ ጆይስቲክ ይዘን፣ መብራት እስኪጠፋ የምንጫወት ሦስት ጓደኛሞች ነን። ጌሙ «ኢል-2 ስቱርሞቪክ፦ ክሊፍስ ኦፍ ዶቨር» ይባላል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላኖች የሚበሩበት ሲሙሌተር ነው። ጓደኞቼ ስፒትፋየር ሲመርጡ እኔ ሁሌም የምመርጠው ፊያት ሲአር.42ን ነው። ጣሊያን የሠራው፣ ባለ ድርብ ክንፍ፣ ጎማው የማይታጠፍ አውሮፕላን ነው። «ምን አስመረጠህ ይሄን ቆርቆሮ?» ይሉኛል። መልሱ ረጅም ስለሆነ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እንስጥ። ጌሙን የሩሲያው ዋን ሲ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው በስህተት የተሞላ ነበር። ያነሳው «ቲም ፊውዥን» የተባለ የአፍቃሪዎች ቡድን ነው። ከዓመታት ሥራ በኋላም በ2020 እ.ኤ.አ. «ዴዘርት ዊንግስ – ቶብሩክ» የሚለውን ተጨማሪ ክፍል አወጣ። ውጤቱ ያስደንቃል። የፊያቱ ኮክፒት ውስጥ ስትቀመጥ የፍጥነት ቆጣሪው በኪሎ ሜትር ነው፤ የእንግሊዞቹ ግላዲያተር ውስጥ ስትገባ በማይል ይሆናል። ሞተሩን ካላሞቅከው ይቀየምሃል፣ ካበዛህበት ይነድብሃል። 840 የፈረስ ጉልበት ያለው የፊያት ኤ.74 ሞተር እንዴት እንደሚጎትት፣ ሁለቱ 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየሶች እንዴት እንደሚያንቀጠቅጡ፣ ሁሉም ከሰነድ ተለቅሞ የተሠራ ነው። ስለ አንዲት ብሎን ትክክለኛነት ሳምንት የሚከራከሩ ሰዎች ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

ታዲያ ቅሬታዬ ምንድን ነው? ይህ አውሮፕላን የእኛን ሰማይ ያውቃል። ጌሙ ግን ያንን አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ውስጥ ስትገባ ምሥራቅ አፍሪካ ያለው ጦሯ በባሕር ተቆረጠ። ሲአር.42ዎች ተፈታትተው በኤስ.ኤም.82 ማመላለሻ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ እየተጫኑ፣ ከሊቢያ በሰማይ መጡ። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነፃ ወጣች። በጁላይ 1941 እ.ኤ.አ. ደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን ሰጠ። የቀረው ጎንደርና ዙሪያዋ ነበር። ጥቂት የተረፉ ፊያቶች ከአዘዞ እየተነሱ ይበሩ ነበር። ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ኢልዴብራንዶ ማላቮልቲ የተባለ ጣሊያናዊ በሲአር.42 ሲበር፣ ሌተናንት ሆፕ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ በግላዲያተር ገጥሞ ጎንደር አቅራቢያ ጣለው። በምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ የመጨረሻው የአየር ላይ ድል ይህ ነበር። ከወር በኋላ ቁልቋል በር ተሰበረ፤ ኅዳር 18 ቀን ደግሞ ጎንደር ራሷ እጅ ሰጠች።

ፊያትም ግላዲያተርም ጌሙ ውስጥ አሉ፤ ሁለቱንም ማብረር ትችላለህ። የሚያጋጥሙህ ግን ወይ በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፣ ወይ በቶብሩክ በረሃ ላይ። ሁለቱም ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይሉም።

«ካርታ ምን ያደርጋል፣ ዋናው አውሮፕላኑ ነው» የሚል ይኖራል። እስቲ እንይ። አዘዞ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር ደግሞ 2700። ደብረ ታቦር ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የፍጥነት ቆጣሪ የሚለካው የአየሩን ግፊት እንጂ የመሬቱን ሩጫ አይደለም። ስለዚህ ፓይለቱ ሊያርፍ ሲል ቆጣሪው 120 ይልለታል፤ አዘዞ ላይ ግን መሬቱ በ132 እየመጣበት ነው፣ ደብረ ታቦር ቢሆን ኖሮ በ137። ለመነሳት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፣ ለመቆምም እንዲሁ። ያው አውሮፕላን ነው፣ ያው ቆጣሪ ነው፤ በደጋ ግን ሌላ ጠባይ አለው። የሚገርመው ጌሙ ይህን ማስላት አያቅተውም። 2700 ሜትር ላይ ስትወጣ አየሩ መሳሳቱን በትክክል ያሰላል። ፊዚክሱ ዝግጁ ነው፤ የጎደለው ከፍ ያለ መሬት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የዕድሜ ጉዳይ ነው። ጌሙ ውስጥ ፊያቱ ሁሌ አዲስ ነው። ብትከሰከስ አንድ ቁልፍ ትጫናለህ፣ ሌላ አዲስ ይሰጥሃል። ጥቅምት 1934 ዓ.ም. አዘዞ የነበረው ፊያት ግን መለዋወጫው ከቆመ ጓደኛው ተነቅሎ የሚገጠምለት፣ ምትክ የሌለው አውሮፕላን ነው። የሰነዱ ቁጥር ከፋብሪካ የወጣ አውሮፕላን ቁጥር ነው። «ታሪካዊ ትክክለኛነት» ስንል እንግዲህ የትኛውን ታሪክ ነው? የቱሪንን ፋብሪካ ታሪክ ወይስ የአዘዞን?

ለደብረ ታቦር ልጅ ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሴባስቶፖል የተሠራው ከከተማችን አፍንጫ ሥር፣ ጋፋት ላይ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ሄዳችሁ ቅጂውን ብታዩት ቅርጹ አለ። ግን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ብረት ሰው ገደል እየቆረጠ፣ መንገድ እየሠራ፣ ስድስት ወር ያህል ወደ መቅደላ እንደጎተተው ከቅርጹ አታዩም። የመድፉ ታሪክ ግማሹ መንገዱ ነው። የአውሮፕላንም እንደዚያው።

ሦስተኛው ለእኔ ከባዱ ነው። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጣሊያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። ስለ አውሮፕላን ሲያወሩ ስለ ክንፉ፣ ስለ ሞተሩ ብለው አያውቁም። ስለ ድምፁ ነበር የሚያወሩት። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ስለማይለይ ከብቱን ወደየት እንደሚነዱ ግራ ይገባቸው እንደነበር። ነጭ ልብስ ያጠለቀ ሰው ከዛፍ ሥር እንዳይወጣ ይባል እንደነበር። አንድ ቀን ላፕቶፑን አሳየኋቸው፤ ፊያቱ እየዞረ ነበር። ዝም ብለው አዩና «ልጄ፣ አንተ እላይ ነህ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ሌላ ምንም አላሉም። እኔም ያን ማታ አልተጫወትኩም።

ያቺን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኳትም። በ1934ቱ የጎንደር ሰማይ ላይ ኢትዮጵያዊ የሚቀመጥበት ኮክፒት አልነበረም። ወይ ጣሊያኑን ትሆናለህ ወይ ደቡብ አፍሪካዊውን። የእኛዎቹ መሬት ላይ ነበሩ። ውብነህ ተሰማን «አሞራው» እያለ የጠራው ሕዝብ ክንፍ ያለው አርበኛ ኖሮት አይደለም። ስለዚህ ኮክፒቱን ብቻ በትክክል የሚሠራ ጌም፣ ሳያስበው እኛን ከታሪኩ ያወጣናል፤ ቢበዛ ከላይ ስንታይ የምንንቀሳቀስ ነጥቦች እንሆናለን። ደቡብ አፍሪካውያኑ በማግስቱ የማላቮልቲን ጀግንነት የሚያወድስ መልእክት ከሰማይ ወርውረው ነበር። ጨዋ ሥራ ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን ፓይለት ለፓይለት የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ይኸው የጣሊያን አየር ኃይል በ1928ቱ ጦርነት የሰናፍጭ ጋዝ ላወረደባቸው ሰዎች ማንም ምንም አልወረወረም። ሲሙሌተሩ የወረሰው ይህንኑ የደብዳቤውን ዓለም ነው።

«ጌም ነው በቃ፣ ምን አስጨነቀህ» ለሚለኝ፦ ጌሙ ራሱ ነው ልክ ነኝ ያለው። ልክ ነኝ ያለን በልኩ መለካት ስድብ አይደለም። «ታዲያ ደብረ ታቦር ካርታ ሆና ቦምብ ይጣልባት ነው የምትለው?» ለሚለኝ ግን ቶሎ መልስ የለኝም። ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። ከተማዬ ዒላማ ብቻ ሆና ከምትገባ ባትገባ ይሻላል። የምፈልገው መሬቱ ለብሎኑ የተሰጠውን ያህል ክብር እንዲሰጠው ነው። ገበያው የት እንደነበረ፣ የትኛው ሜዳ ላይ ማን ያርስ እንደነበረ፣ ድምፁ ከሥር እንዴት እንደሚሰማ። ለዚህም ሰነድ አለ፤ እዚሁ አገር፣ ሽማግሌዎች ዘንድ። እሱም እያለቀ ነው። ቲም ፊውዥንን ማንም አልቀጠረውም፤ ያበላሸውን ኩባንያ ሲወቅሱ ከመዋል ተቀምጠው ሠሩት። እኛም መቅጃ ይዘን እንቀመጥ ማለቴ ነው፤ ካርታው በኋላ ይደርሳል።

ትናንት ማታ ከቶብሩክ ተነስቼ ፊያቱን 2700 ሜትር ላይ አወጣሁት። የከፍታ ቆጣሪው የቤታችንን ከፍታ እያሳየ ነበር። ጎማዎቼ ደብረ ታቦርን ሊነኩ ይገባ ነበር። ወደ ታች አየሁ፤ ከሥሬ አሸዋ ብቻ ነበር፣ በጣም ሩቅ።