አማካዩ የደበቀው ውርጭ

በመካነ ሰላም ደጋ የጥቅምትና የኅዳር ሰማይ ጠርቶ ሲያድር ባቄላና ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ያለው ገበሬ እንቅልፍ የለውም። ደጄ ላይ የሰቀልኩት የሙቀት ሴንሰር ያንን ሌሊት ይመዘግባል፤ ከዓመታት በኋላ ግራፉ ላይ ይታይ እንደሆነ የሚወስነው ግን አጠቃለሉ ነው። ሌሊቱ 1፣ ቀትሩ 21 ዲግሪ የሆነ ቀን አለ፤ ሌሊቱ 6፣ ቀትሩ 16 የሆነም አለ። የሁለቱም አማካይ 11 ነው። አንደኛው ግን ሰብል ያቃጥላል።

ንባቡን የሚቀበለው ሆም አሲስታንት የተባለው ፕሮግራም ቅንብሩን ካልነካካሁት ዝርዝሩን የሚያቆየው 10 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው የየሰዓቱ ማጠቃለያ ሲሆን፣ ደግነቱ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውንም ይይዛል። ኢንፍሉክስዲቢ በተባለው የመረጃ ቋት ላይ ግን ማጠቃለያውን የምናዘው እኛው ነን፤ አማካይ ብቻ አዝዘን ዝርዝሩን ካጠፋን ውርጩ አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛውን ለብቻው አስቀምጣለሁ፤ በዚህ አገር ከአማካዩ፣ ከዝቅተኛውና ከከፍተኛው አንዱን ብቻ አቆይ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

የቀኑ ድንበርም ያሳስታል። የመረጃ ቋቱ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚቆጥር የእሱ እኩለ ሌሊት የእኛ የሌሊት 9 ሰዓት ነው። ብርዱ የሚከፋው ሊነጋጋ ሲል በመሆኑ አንዱ ሌሊት ለሁለት ይከፈላል፤ የውርጭ ሌሊቶችን ስንቆጥርም አንዱ ሁለቴ ሊገባ ይችላል። ለዝቅተኛው ሙቀት ቀኑን ከቀትር እስከ ቀትር መቁረጥ ይሻላል።

ለዝናብ የምጠቀመው በራሳችን ወራት ነው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ዝናብን በየ10 ቀኑ ይደምራሉ፤ የፈረንጁ ወር ሦስተኛው ክፍል ከ8 እስከ 11 ቀን ሲዋዥቅ የእኛ 30 ቀን እኩል ይካፈላል። ጳጉሜን ብቻ ናት የምታስቸግረው፤ በ5 ወይም በ6 ቀን ድምር ከነሐሴ ጎን ስትቆም ክረምቱ ድንገት የተቋረጠ ያስመስላል። ስለዚህ እሷን ከሌሎቹ ጋር የማነጻጽረው በቀን አማካይ ነው።

መብራት ጠፍቶ ንባብ ሲቋረጥ ግራፉ ክፍተቱን በቀጥታ መስመር እንዲያገናኝ አልፈቅድም። በዝናብማ ይብሳል፦ ያልተለካ ቀን በዜሮ ከተሞላ ድርቅ ይፈጠራል። የጣቢያዎችን ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር ያዋሃደው ኢናክትስ የተባለው ሥራ በኢትዮጵያ ያስፈለገው ጣቢያ በሌለበትና መዝገብ በተቋረጠበት ቦታ ነው። እዚያም ቢሆን ግምት ግምት ተብሎ መሣል አለበት።

አሁን ሁለተኛ ሴንሰር ባቄላው ሥር አኑሬያለሁ። ሰማዩ በጠራ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ በሰው ቁመት 2 ዲግሪ ሲነበብ ቅጠሉ ላይ አመዳይ ሊኖር ይችላል። ሁለቱን መስመሮች ለየብቻ እሥላለሁ፤ አማካያቸውን አልወስድም።