እጀታው የሚለቀው በኮላው ጥፋት አይደለም

የጣውላ ደጋን መሥራት የጀመሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይዘውልኝ የሚመጡት ቅሬታ አንድ ነው፤ የደጋኑን ክንፎች እኩል እንዲታጠፉ ሲያመጣጥኑ እጀታው ጧ ብሎ ለቀቀ። አስከትለውም «የትኛው ኮላ ይሻላል?» ይሉኛል። እኔ ግን ኮላውን ከመመርመሬ በፊት ከእጀታው ሥር ያለውን እንጨት እለካለሁ።

ደጋን ሲሳብ ወደ ዒላማው የሚያየው ጀርባው ይለጠጣል፤ ወደ ተኳሹ የሚያየው ሆዱ ይጨመቃል። ለእጀታ የምንለጥፈው ቁራጭ የሚያርፈው ሆዱ ላይ ነው። ቁራጩ ወፍራም ስለሆነ አይታጠፍም፤ ከሥሩ ያለው ጣውላ ከታጠፈ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ኮላ ሁለት ገጾች እንዳይንሸራተቱ ለመያዝ ብርቱ ነው። ከጫፉ መላጥ ከጀመረ ግን አቅም የለውም።

የእንጨት ግትርነት ከምንም በላይ የሚከተለው ውፍረትን ነው። ስፋቱ እጥፍ ቢሆን ግትርነቱ እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ግን ስምንት እጥፍ። 2 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ላይ ያንኑ ያህል ቁራጭ በደንብ ከተለጠፈ መሃሉ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ አደጋው ያለው የቁራጩ ጫፎች ላይ ነው። ለመዳፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እተውና በሁለቱም በኩል ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ቁልቁለት አወጣለሁ፤ ጫፉ እንደ ወረቀት እስኪሳሳ ድረስ በሞረድ እወርድበታለሁ። የሳሳ ጫፍ ከክንፉ ጋር አብሮ ይታጠፋል፤ ድፍን ጠርዝ ግን ይነሣል። የደጋኑ ወገብ መጥበብ የሚጀምረውም ቁልቁለቱ በቂ ውፍረት ከያዘ በኋላ መሆን አለበት። ቀድሞ ከጠበበ እጥፋቱ ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ይከማቻል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ኮላ አያድነውም።

ዴንማርክ ውስጥ ሆልመጎር ከሚባል ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1944 የተገኙት የኤልም እንጨት ደጋኖች ወደ 9,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ክንፋቸው ሰፊና ጠፍጣፋ፣ እጀታቸው ጠባብና ወፍራም ነው፤ እያንዳንዱ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ እንጂ የተለጠፈ የለበትም። ያንን ቅርጽ ባሰብኩት ቁጥር እደነቃለሁ። እኛ ቁራጭ የምንለጥፈው ከእንጨት መሸጫ የምንገዛው ጣውላ ስስ ስለሆነ ብቻ ነው።

ኮላውም ቢሆን ወጉ አለው። ሁለቱ ገጾች ያለ ክፍተት እስኪገጥሙ በመላጊያ ይስተካከሉ፤ በተላጉበት ቀን ይለጠፉ። ነጭ ወይም ቢጫ የአናጢ ኮላ ጠንካራ ጥብቂያ ይወዳል። ኢፖክሲ ግን ጥብቂያ ሲበዛበት ከመሃል ተጨምቆ ያልቅና መገጣጠሚያው ኮላ ያጥረዋል። ቅባት ያለው ጌጠኛ እንጨት ለእጀታ ከመረጣችሁ መጀመሪያ በአሴቶን ጥረጉት።

ብዙዎች እጀታው ሲለቅ ዙሪያውን በክር ይጠመጥሙታል። እኔ አልቀበለውም፤ ክሩ ስንጥቁን ይሸፍናል፣ ከሥሩ ያለው እንጨት ግን መታጠፉን ይቀጥላል።

እጀታው የለቀቀ ደጋን እቤታችሁ ካለ፣ ክንፎቹ እስካልተሰነጠቁ ድረስ አትጣሉት። አሮጌውን ኮላ እስከ እንጨቱ ላጉት፤ ከእጀታው ጫፎች በሁለቱም በኩል አልፎ የሚሄድ፣ ዳርቻው እየሳሳ የሚያልቅ 3 ሚሊ ሜትር ስስ እንጨት ሆዱ ላይ ለጥፉ፤ እጀታውን በዚያ ላይ መልሱት። ኮላው ሙሉ ቀን ሳይደርቅ አውታር አታስሩበት።