«ኪሎዋት በሰዓት»ና «ካሎሪ»፦ የሁለት ስያሜዎች ትችት

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ በመመለስ ረገድ የሚታዩት ጉድለቶች አብዛኛውን ጊዜ አንባቢን ከማደናገር አያልፉም። ቃሉ የመለኪያ ስም ሲሆን ግን ጉድለቱ የቍጥር ስሕተት ይወልዳል። እዚህ የምንተቸው በመብራት ሒሳብ የሚነገረውን «ኪሎዋት በሰዓት»ንና በሥነ ምግብ የሚጻፈውን «ካሎሪ»ን ነው። ሁለቱ የሚለኩት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3600 ኪሎጁል፣ ማለትም 860 ኪሎካሎሪ ያህል ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ በ3.5 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለማቋረጥ አንድ ሰዓት ቢጋገር ቆጣሪው 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ይህም 3010 ኪሎካሎሪ ያህል ሲሆን፣ በአስቸኳይ የምግብ እርዳታ ለአንድ ሰው በቀን ከሚታቀደው 2100 ኪሎካሎሪ ይበልጣል። 2100ው ለ24 ሰዓት ቢከፋፈል ወደ 100 ዋት ግድም ይመጣል፤ ሰው ሌትና ቀን እንደሚበራ ባለ 100 ዋት አምፑል ነው ማለት ነው። (ንጽጽሩ የመጠን እንጂ የጥቅም አይደለም፤ ኤሌክትሪክ አይበላም።)

«ኪሎዋት በሰዓት» የሚሉ ወገኖች «ሦስት በአራት ሲባዛ» እንደምንል ሁሉ «በ» ማባዛትን ያመለክታል ሊሉ ይችላሉ። ክርክሩ ከሰዋስው አንጻር ሐሰት አይደለም። ነገር ግን «በ» ከ«ሰዓት» ጋር ሲገጥም፣ «60 ኪሎሜትር በሰዓት» ያለመደው አንባቢ የለምና፣ ማካፈል እንጂ ማባዛት አይታሰብም። ቃሉ በቀጥታ ከተተረጐመ ኃይሉ በየሰዓቱ እየጨመረ የሚሄድ ማመንጫ ይሆናል። «ኪሎዋት ሰዓት» ማለት ይበቃል። ደግሞም ሐሳቡ ለደጋው ገበሬ እንግዳ አይደለም። በቦረናም ሆነ በሳይንት «ጥማድ» ሲባል ሁለት በሬዎች ናቸው፤ እነርሱ በአንድ ቀን የሚያርሱትም መሬት ጥማድ ነው። ጥንዱ ኃይሉ፣ ቀኑ ጊዜው፣ የታረሰው መሬት የሁለቱ ብዜት ነው። ከዚህ የቀለለ ማስተማሪያ አላገኘንም።

«ኃይል» የሚለው ቃል ራሱ ሸክሙ በዝቶበታል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በስሙ ይዞታል፤ የጤና ትምህርት «ኃይል ሰጪ ምግቦች» ይላል፤ የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ደግሞ የባዕዱን ቃል መርጧል። ከቦረና ወረዳ ጫፍ በታች የሚያልፈው ዓባይ ወርዶ የሚያገኘው የሕዳሴ ግድብ 5150 ሜጋዋት ሲባል የሚነገረው ኃይሉ ነው፤ በዓመት የሚሰጠው ግን በጊጋዋት ሰዓት ይቆጠራል። ለሁለተኛው «ጉልበት»ን እንመርጣለን። ጉልበት በሶ የበላ መንገደኛ የሚያገኘው፣ አቀበት ሲወጣም የሚጨርሰው ነገር ነው፤ ይከማቻል፣ ያልቃል። «ኃይል ሰጪ ምግብ» በትምህርት ቤት ሥር ስለ ሰደደ በአዋጅ ይነቀላል ብለን አንጠብቅም።

ይበልጥ የሚያሳስበን «ካሎሪ» ነው። ትንሹ ካሎሪ አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያሞቅ ሲሆን፣ ትልቁ አንድ ኪሎግራም ውሃን ያሞቃል፤ ልዩነቱ አንድ ሺሕ እጥፍ ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሰዎች ትልቁን በትልቅ ፊደል በመጻፍ ለመለየት ሞክረዋል። ይህ ብልኀት ለእነርሱም እምብዛም አልሠራም፤ ለእኛ ግን ፈጽሞ የለም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ አያውቅምና። ተርጓሚው ሁለቱንም «ካሎሪ» ብሎ ሲጽፍ ልዩነቱ በገጹ ላይ ምልክት ሳይተው ይጠፋል። በጤና ጣቢያ ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ኤፍ-100 ወተት በ100 ሚሊሊትር 100 ኪሎካሎሪ አለው። «100 ካሎሪ» ተብሎ የተጻፈውን ወደ ጁል የሚለውጥ ሰው 418 ኪሎጁል በማግኘት ፈንታ 418 ጁል ያገኛል። የ1966ንና የ1977ን ረኀብ ባየ የወሎ ምድር የራሽን ሠንጠረዥ እንደ ዋዛ የሚነበብ ወረቀት አይደለም።

«ኪሎካሎሪ» ይረዝማል የሚለው ተቃውሞ ለንግግር ይሠራል፤ ሰው በቃሉ «ካሎሪ» ቢል አንከለክልም። በሕትመት ግን ቅጥያው አይጣል። ጁል እ.ኤ.አ. በ1948 ዓለም አቀፍ የሙቀት መለኪያ ሆኖ ስለ ተወሰነ፣ በብዙ የውጭ አገር ምግቦች መያዣ ላይ ኪሎጁልና ኪሎካሎሪ ጎን ለጎን ይታተማሉ። ተርጓሚው ሁለቱንም ቍጥሮች ቢያስቀር፣ አንዱ ሲሳሳት በሌላው ይታወቃል፤ ኪሎጁሉ ከኪሎካሎሪው በ4.184 እጥፍ መብለጡን ማየት ብቻ ይበቃል።