ከሠንጠረዡ በፊት የነበረው ሕፃን

ከፅንሰት እስከ ሞት ያለውን የሰው ልጅ ሥነ ልቦናዊ ዕድገት በዩኒቨርሲቲ የሚማር ሁሉ የኤሪክ ኤሪክሰንን ስምንት ደረጃዎች ሳያጠና አያልፍም። የሚያጠናቸው ግን በአብዛኛው በሠንጠረዥ መልክ ነው፤ ለፈተና የሚመች፣ ከፈተናው ማግሥት የሚረሳ። ሠንጠረዡ የተቀዳበት «ልጅነትና ኅብረተሰብ» (እ.ኤ.አ. 1950) የሚጀምረው ግን በደረጃዎች ሳይሆን አንድን የሦስት ዓመት ሕፃን በድንገት በያዘው መንቀጥቀጥ ነው።

ሐኪሞቹ የሚጥል በሽታ ጠረጠሩ። ኤሪክሰን ጥርጣሬያቸውን ሳያጣጥል የቤቱን ታሪክ ጠየቀ። ሴት አያቱ ከሞቱ አምስት ቀናቸው ነበር። እናትየው ለልጁ ሩቅ አገር ሄደዋል ብላዋለች፤ ከቤት የወጣው ትልቅ ሣጥንም የአያቱ መጻሕፍት ያሉበት ነው ተብሏል። (መርዶን ከሕፃን መደበቅ ለእኛም እንግዳ ልማድ አይደለም።) ደራሲው የአንጎሉን ተጋላጭነት፣ የልጁን ፍርሃትና የቤተሰቡን ጭንቀት አንዱን ለሌላው መንሥኤ ብቻ ሳያደርግ አያይዞ ያነባቸዋል። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ብርቱ ገጾች እነዚህ ናቸው፤ ለሕክምና ተማሪም ከሠንጠረዡ ሊቀድሙ ይገባል።

እርጅናን የሚመለከተው ክፍል ግን ስስ ነው። ደራሲው ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። እርጅናን ከውስጥ ሆና የጻፈችው ባለቤቱ ጆዋን ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የ«የተሟላው የሕይወት ዑደት» የተስፋፋ እትም ላይ ዘጠነኛውን ደረጃ ስትጨምር ዘጠና ዓመት አልፏት ነበር። በዚያ ዕድሜ የቀደሙት ቀውሶች ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሰው የገዛ አካሉን ማመን ያቅተዋል ትላለች። አረጋውያንን አስተኝቶ የሚያክም ባለሙያ ይህን በየዕለቱ ያየዋል። በብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች ሠንጠረዡ ዛሬም ስምንት ረድፍ ነው።