«የዜና ቡድኖችን በጅምላ ማደስ»፤ በአንድ አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሒስ

ዩዝኔት የተባለው የኮምፒዩተር የውይይት መረብ እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በነበሩት በቶም ትረስኮትና በጂም ኤሊስ የተጠነሰሰ ነው። መረቡን የሚያገለግል እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ውይይት የሚካሄድባቸውን ርእሶች ስም በዝርዝር ይይዛል። አዲስ ስም ሲፈጠር፣ አሮጌው ሲሰረዝ ዝርዝሩ ይዛነፋል። ስለዚህም ኀላፊው ስሞቹን አንድ በአንድ ከማረም ይልቅ ከዋናው ዝርዝር ጋር በአንድ ትእዛዝ ያስተካክላቸዋል። ይህ ተግባር ቃል በቃል ሲተረጐም «የዜና ቡድኖችን በጅምላ ማደስ» ይሆናል። አተረጓጐሙ ከአራቱም ቃላቱ ይነቀፋል።

«ዜና» ሲባል ሰሚው የሚጠብቀው የራዲዮን ወሬ ነው፤ በዩዝኔት የሚበዛው ግን ጥያቄና መልስ፣ ክርክርና ሙግት ነው። «ቡድን» ደግሞ የሰዎች ስብስብ ነው፤ እዚህ ግን የሚጠራው ስፍራ እንጂ ሰው አይደለም። ሁለቱን ከ«ጅምላ» ጋር ብናጋጥም ስሕተቱ ከሰዋስው ያልፋል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በተቃጠለች ጊዜ በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ «ቡድን» የሚለው ቃል በምን አገባብ ይነገር እንደ ነበር፣ «በጅምላ መፈረጅ»ም ምን ማለት እንደ ሆነ ለአካባቢው ሰው ማስረዳት አያሻም። እንግዲህ «ቡድኖችን በጅምላ መሰረዝ» የሚል ትእዛዝ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ የሚያነብ የሸዋ ሮቢት ወጣት ምን ይሰማዋል? ስያሜ አውጪ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ብቻ ሳይሆን ከሰሚው ጆሮም መመዘን ይገባዋል።

የተሻለው ቃል ከዚያው ከይፋት ገበያ ይገኛል። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ይገናኛሉ። በገበያ የከብት ተራ አለ፣ የእህል ተራ አለ፤ ተራው የሚጠራው በሚቀርብበት ነገር እንጂ በሚመጣው ሰው አይደለም። የመርካቶም ሸማ ተራ እንዲሁ ነው። ስለዚህ «የውይይት ተራ» ብንል ስሙ ከነገሩ ይስማማል፤ ተራ ቢነሣ ሰው ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ የተበተነ ቡድን የለም። «መደብ» የሚሉ ይኖራሉ፤ ቃሉ መልካም ነበር፣ ነገር ግን የመደብ ትግል ዘመን ያደከመው ይመስለኛል።

«ማደስ» ቤትንና ፈቃድን ነው። እዚህ የሚደረገው ማመሳከር ነው፦ የጐደለው ይጨመራል፣ የተረፈው ይነሣል፣ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት በአራሚ እንዲታይ የተወሰነበት ተራ ሳይመዘገብ ቀርቶ እንደ ሆነ ይቃናል። ማመሳከር ከሁለት ወገን ማየት ስለ ሆነ ጥንቃቄንም ያዘለ ነው። ጥንቃቄው ያስፈልጋል። ለአንድ ተቋም ብቻ የተከፈተ ተራ በዋናው ዝርዝር አይገኝም፤ ያልተጻፈውን ሁሉ ማጥፋት የቤቱን ልጅ ማባረር ነው። ከዚህም በላይ የመክፈቻና የመሰረዣ መልእክት ማንም አስመስሎ ሊልክ ይችል ስለ ነበር፣ በምስጢራዊ የኮምፒዩተር ፊርማ ማረጋገጥ ተጀምሯል።

ስለ «ጅምላ» ምትክ «በአንድ ዙር» ይበቃል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዙር በዙር መካሄዱን የሚያስታውስ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል፤ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ መካሄዱን ይናገራል፣ ያለ ምርመራ ግን አያስመስልም።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2024 ከዩዝኔት ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋርጧል፤ ጉዳዩ አርጅቷል የሚል ተቺ ይነሣ ይሆናል። ሆኖም ስሞችን ከዋና ዝርዝር ጋር ማመሳከር በሌላውም የኮምፒዩተር ሥራ ሁሉ አለ፤ ቃሉ ዛሬ ከተበላሸ ወደዚያም ተበላሽቶ ይተላለፋል። ስለዚህ «የውይይት ተራዎችን ዝርዝር በአንድ ዙር ማመሳከር» እንዲባል አቀርባለሁ። «ተራ» ብቻውን ሲጻፍ «ተራ ነገር» ከሚለው ጋር ስለሚምታታ፣ «የውይይት» የሚለው ቅጽል አይለየው።