ጥቁሩ ጀርባ የቬርሜር ምርጫ ነበር?

የሆላንዱ ሠዓሊ ዮሐንስ ቬርሜር እ.ኤ.አ. በ1665 ገደማ የሣላትን ባለ ዕንቁ ጉትቻ ልጃገረድ በስልካችሁም ቢሆን አይታችኋት ይሆናል። ሰማያዊ ሻሽ አስራ፣ ወደ እኛ ዞር ብላ ታያለች። ብዙ ሰው የሚያደንቃት «ከጨለማ ውስጥ ብቅ የምትል ፊት» እያለ ነው። እኔ በዚህ አድናቆት አልስማማም።

ለምን? እስቲ መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ቬርሜር ቀለሙን አንዴ ቀብቶ አልጨረሰም። ብርሃንና ጥላ የሚያርፉበትን ቦታ በቡናማና በጥቁር ቀለም ለየ፤ ከዚያ በላዩ እየደራረበ ሄደ። ሻሹን ልብ በሉ። በጥላው በኩል ከሥር ጠቆር ያለ ሽፋን አለ፤ ብርሃን በሚያርፍበት በኩል ደግሞ ነጭ የተቀላቀለበት ፈዛዛ ሰማያዊ። ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሰማያዊ ተቀባበት። ብርሃን በስሱ ሽፋን ውስጥ አልፎ ይገባል፤ ከሥር ፈዛዛ ቀለም ካገኘ ተመልሶ ይወጣል፣ ጥቁር ካገኘ እዚያው ይዋጣል። ጠፍጣፋው ሸራ ላይ ጭንቅላት የሚያህል ክብ ነገር የሚታየን በዚህ ነው። ሰማያዊው፣ በዛሬዋ አፍጋኒስታን ከሚወጣው ላፒስ ላዙሊ የተፈጨ ነው፤ ያኔ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም።

ጀርባዋም የተሠራው በመደራረብ ነበር። ሥዕሉ የሚገኝበት የዘ ሄጉ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 በልዩ ልዩ የጨረር መሣሪያዎች ሲያስመረምረው፣ በላይኛው ቀኝ ጥግ የመጋረጃ እጥፋቶች ታዩ። አረንጓዴ መጋረጃ! በጥቁሩ ሽፋን ላይ ከኢንዲጎና ቢጫ ከሚሰጥ ተክል የተሠራ ስስ አረንጓዴ ተቀብቶ ነበር። የተክል ቀለም ደግሞ ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛል። አረንጓዴው ሲሄድ እጥፋቱም ጥላውም አብሮ ሄደ፤ የቀረው ከሥር የነበረው ጥቁር ነው።

ስለዚህ ያ የምናወድሰው ባዶ ጨለማ በአብዛኛው የኬሚስትሪ ሥራ ነው። ልጅቷ መጋረጃ ፊት ነበረች፣ ቦታ ነበራት፤ አሁን የትም አይደለችም። ይህ እኮ ጉዳት ነው፣ ጥበብ ብለን ባናሞካሸው ይሻላል።

ማድነቅ ካሻችሁ ዕንቁውን አድንቁ። ዙሪያውን የሚያሳይ መስመር የለውም፤ ጆሮዋ ላይ የሚያንጠለጥለው ቀለበት እንኳ አልተሣለም። ከላይ ወፈር ያለ ነጭ ጠብታ፣ ከታች የአንገትጌዋ ደብዛዛ ነጸብራቅ፣ በቃ! ሌላውን አእምሯችሁ ይሞላዋል። ነጩ የተሠራው ከተክል ሳይሆን እርሳስ ከሚባለው ብረት ነው፤ እስካሁንም ያበራል።